ከመስኮትዎ ሥር ስለቆመው ድንጋይ

ለተከበሩ የወደቁ ወታደሮች መካነ መቃብር አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን የማቀርበው እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከቢሮዎ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ያስተከሏቸው ጽጌረዳዎችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ በማድረግ ነው። የጽጌረዳዎቹን ደኅንነት ለይቼ የጠየቅሁት በግቢዎ ውስጥ እያንዳንዳቸው የት እንዳሉ በትክክል የሚታወቀው የእነሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ።

እኔ ከገበያው ጀርባ፣ ከጫማ አዳሹ ጎን፣ ጠባብ ፎቶ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግና ምረቃ አነሳለሁ። ወደ እርስዎ ግቢ መጀመሪያ ያመጣኝ የጎረቤቴ የነርሷ ልመና ነበር፤ ለሠርግ ቀረጻ ወደ እናንተ ከተማ መሄዴን ሰምታ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው አባቷ የወንድሟን መቃብር በዓይናቸው እንዲያዩ አንድ ፎቶ እንዳነሳላት ለመነችኝ። አነሳሁላት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከሰው ሰው ሄደና፣ መንገድ የማይችሉ አባቶች፣ ሥራ የማያስወጣቸው ወንድሞች፣ ሕፃን የታቀፉ እህቶች ደጄን ያንኳኩ ጀመር።

ክቡርነትዎ ሥራውን እንደ ቀላል ነገር እንዳያዩብኝ ትንሽ ላስረዳ። ድንጋዩ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ፀሐይ ጋደል እስክትል ይጠበቃል፤ አናት ላይ ስትሆን የተቀረጸው ፊደል አይታይምና። የራስ ጥላ ሟቹ ላይ እንዳይወድቅ ዞር ተብሎ ይቆማል። ከዚያ መልእክት ይደርሳል፤ አዎ፣ መልእክት። አንዷ እህትህ ወንድ ልጅ ወለደች በይልኝ ትላለች፤ ሌላው አባታችን ስምህን እንደጠራ አረፈ በይልኝ ይላል። እኔም ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ግራና ቀኝ ተገላምጬ፣ ጎንበስ ብዬ እነግረዋለሁ። እብድ በሉኝ፣ ግድ የለኝም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን የሚገልጸውን ሰሌዳ በበሩ ላይ ስላሰቀሉልን ከልብ አመሰግናለሁ። ሰሌዳው የተሰቀለው ለልብስ ሰፊዋ ለእማማ ቃል ገብቼላቸው በመጣሁበት ቀን ነበር። እማማ ከፎቶ ቤቴ ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በእግር በሚረገጥ መኪና የሰፈሩን ሰው ሲያለብሱ የኖሩ፣ አንድ ልጅ ወልደው እሱኑ ያጡ ሴት ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ መመለሻ የለውም ብሏቸዋል። ብርሃናቸው ሳይጠፋ የልጃቸውን ስም በድንጋዩ ላይ ማየት፣ የቀራቸው ምኞት ይኸው ነበር። ይህንን ለጸሐፊዎ ባስረዳቸው፣ ፈቃድ የሚሰጠው የሟች የቅርብ ዘመድ በአካል ቀርቦ ሲፈርም ነው አሉኝ። በአካል መቅረብ የሚችል ዘመድ እኔን ምን ያደርገኛል ብላቸው፣ መመሪያ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መመሪያ ከሆነ ምን ይባላል! መምጣት የማይችል ሰው መምጣት አለመቻሉን መጥቶ እንዲያስረዳ ያዘዘውን ባለ አእምሮ እጁን ልስም ብጠይቅም፣ ስብሰባ ላይ ነው ተብዬ ተመልሻለሁ።

ሁለተኛ፦ እኔን ከበር ከመለሱ በኋላ ዘመዶቹን ሜዳ ላይ አለመጣልዎ ደግነትዎን ያሳያል። ጽሕፈት ቤትዎ ለጠየቀ ቤተሰብ ሁሉ የመቃብሩን ፎቶ ራሱ አንስቶ በነፃ በፖስታ እንደሚልክ ሲነገር፣ ምን ልደብቅዎ፣ አፈርኩ። ሰዎቹን ሳላውቃቸው አማኋቸው ብዬ ራሴን ወቀስኩ።

የእማማ ፎቶ ደረሰ። ትልቅ አድርጌ እንዳጥብላቸው ይዘውልኝ ሲመጡ እንደ ሙሽራ እናት ፊታቸው በርቶ ነበር። አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አሳዩኝ፤ ነጭ ድንጋይ፣ ከጎኑ የዛፍ ጥላ፣ የልጃቸው ስም። ጥላ አግኝቷል፣ ልጄ ድሮም ፀሐይ አይችልም አሉኝ። ይህን የላከልኝን ሰው እግዜር የልጅ ሐዘን አያሳየው ብለው መረቁዎት፤ አደራ አድርሽልኝ ስላሉኝ ነው የማደርሰው።

በዚያው ሳምንት የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ ደንበኛዬ፣ ታላቅ ወንድሙ ግቢዎ ውስጥ ያረፈ፣ እሱም የተላከለትን ፎቶ ይዞ መጣ። ባንኮኒዬ ላይ ከእማማው ጎን አስቀመጠው። ክቡርነትዎ፣ ሁለቱም ድንጋዮች ግራ ጠርዛቸው ላይ እኩል ተሸርፈዋል። የሁለቱም ዛፍ ጥላውን የጣለው በአንድ ወገን ነው። ይሁን፣ ድንጋይና ድንጋይ ይመሳሰላል እንበል። ነገር ግን በሁለቱም አናት ላይ አንዲት እንሽላሊት አንገቷን ቀና፣ ጅራቷን ወደ ቀኝ ቆልመም አድርጋ ተቀምጣለች። በአንድ ጊዜ በሁለት መቃብር ላይ ተረኛ የምትሆን እንዲህ ያለች ትጉህ ሠራተኛ በየትኛው መሥሪያ ቤት ትገኛለች? እድገት ይሰጣት እንጂ! ሾፌሩ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሰው ለጉርድ ፎቶ በማስቀምጥባት በርጩማ ላይ ዝርፍጥ ብሎ አለቀሰ። ሲነሳ ለአባቱ እንዳልነግርበት አስማለኝ፤ ሽማግሌው አንዱን ቅጂ ከትራሳቸው ሥር አድርገው ነው አሉ የሚተኙት።

ሦስተኛ፦ ስለ ግቢው ማማር። ክፉ አልጠርጥር ብዬ፣ ካሜራዬን ቤት ትቼ፣ ጥቁር ለብሼ እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ ዘለቅሁ። እንዴት አምሯል! ሰልፍ በሰልፍ የነበሩት ድንጋዮች የሉም፤ መሬቱ ተደልድሎ ሣር ለብሷል፤ ሣሩንም ቧንቧ ያጠጣዋል። ድንጋዮቹን ከመጋዘኑ ጀርባ አገኘኋቸው፤ ገሚሱ በፊቱ ተደፍቶ፣ ገሚሱ ተሰብሮ፣ አንዱ ደግሞ የጥበቃው ጀሪካን ማስቀመጫ ሆኖ። የመጋዘን ሠራተኛውን ብጠይቀው፣ እድሳት ላይ ነን፣ በአዲስ ድንጋይ፣ በቀጥታ መስመር ይተከላሉ አለኝ። የማን ራስጌ የቱ ጋ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ስለው፣ ሁሉም ጀግኖች አይደሉ እንዴ፣ ምን ልዩነት አላቸው ብሎ መለሰልኝ።

በግቢው ሙሉ ቆሞ ያየሁት ድንጋይ አንድ ብቻ ነው፤ ከእርስዎ መስኮት ሥር፣ ከዛፉ አጠገብ። ግራ ጠርዙ ተሸርፏል። እንሽላሊቷም ነበረች፤ ሰላም ብያታለሁ። በድንጋዩ ላይ ግን ምንም አልተጻፈበትም። ይህስ የማን ነው ብል፣ ናሙና ነው ተባልኩ፤ ተቋራጩ ለማሳያ ያመጣው። ስሙን በኮምፒውተር ነው የምታስገቡበት፣ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን። እናቶች የሚስሙት፣ አባቶች ትራሳቸው ሥር የሚያኖሩት ድንጋይ ከሥሩ አንድ ሰው እንኳ የለም። ኧረ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! ምን አደረጓችሁ እነዚህ ሰዎች? ይቅርታ፣ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ከዚያ ወደ ቅሬታ ሰሚ ክፍል አመራሁ። ቅሬታ ሰሚው በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ዘመድ ስላልሆንኩ ቅሬታ ማቅረብ እንደማልችል፣ ዘመዶቹ ደግሞ ምስጋና እንጂ ቅሬታ ልከው እንደማያውቁ አስረዱኝ፤ የምስጋና ደብዳቤዎቹንም በክላሰር አሳዩኝ። ከላይ ያለው የእማማ ነበር። በሌላ ሰው አስጽፈው፣ ከታች በጣታቸው ፈርመውበታል። ክላሰሩን መልሼ ሰጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

አራተኛውን ደጋግሜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ እንዳለ ልበለው። እማማ ሊመጡ ነው። በዓይኔ አየሁት፣ አሁን ደግሞ በእጄ ልንካው ብለዋል። ጫማቸውን ሶል አስቀይረዋል፤ የአውቶቡስ ትኬት አስቆርጠዋል፤ መንገዱን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አንቺው ነሽ የምትመሪኝ ብለውኛል። እሺ አልኩ። ምን ልበል? እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ማዶ ተሻግሬያለሁ። አንዴ፣ መጣሽልኝ፣ እስቲ ይህን ክር በመርፌው አስገቢልኝ አሉኝ፤ አስገብቼ ተመለስኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከስፌት መኪናቸው በላይ የሰቀሉትን ፎቶ በጣታቸው ሲዳብሱ አገኘኋቸው፤ ወረቀት ነው፣ ምንም አይለኝም፣ ድንጋዩ ግን ያናግረኛል አሉኝ። ፎቶውን አቃንቼላቸው ወጣሁ።

ክቡርነትዎ ዓይንን ማታለል እንደሚቻል በሚገባ አሳይተውናል። የልብስ ሰፊ ጣት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነገል አይደለም፤ እኚህ ሴት ዛሬም ጨርቅ ዳብሰው የተተረተረ ስፌት ያገኛሉ። ናሙናዎን ከአናቱ እስከ እግሩ ይዳብሱታል፤ ልሙጥ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ይዞሩና ልጄ የታለ ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ከግቢዎ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልከስዎት ነበር፤ አሁን ግን እለምንዎታለሁ። ድንጋዮቹን ወደየቦታቸው መልሱ እንዳልል፣ ቦታቸውን ማን ያውቀዋል? ሌላው ሁሉ ይቅር። እማማ ከመድረሳቸው በፊት አንድ ድንጋይ ጠራቢ ያስጠሩና፣ የልጃቸውን ስም በዚያ ድንጋይ ላይ ያስቀርጹልኝ። ጠለቅ ተደርጎ ይቀረጽ፤ ጣታቸው እንዲገባበት። ውሸቱን የጀመሩት እርስዎ ነዎት፣ እባክዎ በወጉ ይጨርሱት። እኔም እጃቸውን ይዤ አቀርባቸውና ይኸው እማማ፣ እሱ ነው እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ በእርስዎና በእኔ መካከል ምን ልዩነት እንደሚቀር አላውቅም። ሾፌሩ ሽማግሌ አባቱን ይዞ የመጣ ዕለት ምን እንደምናደርግም አላውቅም፤ እርስዎ መመሪያ ያወጡለታል።

ለመሥሪያ ቤትዎ ሰላም፣ ለስብሰባዎችዎ ስኬት፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

ዘወትር ትእዛዝዎን አክባሪ፣
ከበር የተመለሰችው ፎቶ አንሺ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልረሳው ነበር። እማማ ልጄን ያገኘልኝ ሰው ፊት ባዶ እጄን አልቀርብም ብለው፣ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ የመጨረሻ ሥራዬ ይሁን ያሉትን ሸሚዝ እየሰፉልዎት ነው። ልጃቸው የዘመተ ዕለት ለብሶት የወጣውን ከሰፉ ወዲህ የሴትና የሕፃን እንጂ የወንድ ሸሚዝ ሰፍተው አያውቁም። እጅጌውም ደረቱም አልቋል፤ የቀራቸው ኮሌታው ነው። ስለዚህ የአንገትዎን ልክ በአስቸኳይ እንዲልኩልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።