በስመ አብ ሳይባል አይበሉም ነበር

የኔ እታለም፣

ከሄድሽ ሁለት ክረምት አለፈ። እንዴት ነሽ አልልሽም፤ እኔም ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ነው። ካዛንቺስ እየፈረሰች ነው። ከጀርባችን የነበረው መደዳ ቤት ተነሥቶ ሰዉ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ በቦታው በቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ ቀርቷል። የኛም በር ላይ ቀይ ቀለም ቀብተውበታል። ከጎረቤት እትዬ አስካለ ብቻ አሉ። ዛሬም የሚጠሩሽ የውሾቹ ንስሐ አባት እያሉ ነው። ድሮ ሊያሾፉብሽ ነበር፤ አሁን እንደዚያ ብለው ያለቅሳሉ።

እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አክስቴ ነሽና ወሰድሽኝ። ቤትሽ ስገባ አንድ ዓይና ድመትና አራት ውሾች ቀድመውኛል። እኔንም እንደነሱ ከመንገድ ያነሣሽኝ ይመስለኝ ነበር፤ አልከፋኝም።

ታይፒስት ነበርሽ። ከመሥሪያ ቤት ስትወጪ ከሉካንዳ ቤት ትርፍራፊ በባልዲ ይዘሽ ትመጫለሽ። ውሃ የሚያመላልሱት አህዮች እንኳ ያውቁሽ ነበር፤ ባለቤቶቹን እየተቆጣሽ የጀርባቸውን ቁስል ቫዝሊን ትቀቢያቸዋለሽ። ልጅ ሆኜ አፍርብሽ ነበር። ይቅር በይኝ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ጸሎቱ ነበር። ምግባቸውን አቅርበሽ በስመ አብ ሳትዪ አንዳቸውም አይነኩም። ለውሻ የሥላሴ ስም ይጠራል ወይ ብሎ ሰፈሩ ስንቴ አጉረመረመ! አንቺ ግን የፈጠራቸው ሌላ ነው እንዴ ብለሽ ትቀጥያለሽ። ውሻ የሚያጠፉት ሰዎች መርዝ ያለበት ሥጋ የበተኑ ጊዜ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሲያልቅ፣ ያንቺዎቹ ሥጋውን ተራምደውት አለፉ። ስም አልተጠራበትማ።

ልትሞቺ ስትይ አደራ ያልሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስም ሳልጠራ እንዳላበላቸው። እሺ አልኩሽ። ከቀብርሽ በኋላ ግን ለሥራ ስቻኮል፣ ሰው እያየኝ ለውሻ መጸለዩም አሳፍሮኝ፣ ዝም ብዬ ደፍቼላቸው መሄድ ጀመርኩ። ሁለት ቀን ሳይነኩት ዓይን ዓይኔን አዩኝ። በሦስተኛው ቀን ረሃቡ ጠናባቸውና በሉ። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ደስ አለኝ።

ውሻ የሚያጠፉት ሰዎች ባለፈው ጥቅምት መርዛቸውን ይዘው ተመለሱ። ከሥራ ስገባ ትተሽልኝ የሄድሽው አምስቱም ውሾች ደጃፉ ላይ ተዘርረዋል። ከመካከላቸው ሻምበል ብቻ ትንሽ ነፍስ ነበረው፤ ድምፄን ሲሰማ ጭራውን ሊቆላ ሞከረ። ወተት ላመጣ ሮጥኩ፤ አልደረስኩለትም።

ለሰው ሁሉ ገጠር ያለ ዘመድ ወሰዳቸው ብያለሁ። ላንቺ መዋሸት ግን አቃተኝ።

ከእንግዲህ የምጠብቅልሽ ነገር የለም። ቤቱም ይፈርሳል፤ እኔም ከአንዱ ፎቅ እገባለሁ፤ ስመጣ እየዘለለ የሚቀበለኝም አይኖርም። አልረሳሽም ብዬ ቃል እገባልሻለሁ፣ እታለም። የኔ ቃል ምን እንደሆነ ግን አንቺም አይተሽዋል።