እናታችን ከዕቃው ጋር እንዳይሄዱብን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለስማቸው፤

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህስ? የአሶሳ ሙቀት ለደጋ ሰው አይመችም፤ ወባው እንዳይጥልህ እሰጋለሁ። ባለቤትህ የምስራችና ልጃችሁ ታሪኩስ እንዴት ናቸው? እኔ ጤናዬ ለክፉ አይሰጥም፤ ልቤ ግን አላረፈም። በእናታችን ነገር ጨንቆኝ ነው የምጽፍልህ።

የአባባ አርባ ከወጣ በኋላ ከጉና ሳመጣቸው ዕቃቸውን ሁሉ በሦስት በቅሎ አስጭነው ነው የመጡት። ስንጥቁ እንስራ፣ እግር የሌለው በርጩማ፣ ያረጀው ቁርበት፣ ጆንያ በጆንያ ላይ፤ አንድም አልቀረ። የተከራየሁት ቤት ጠባብ ነውና ከአልጋ እስከ በር በጎናችን የምናልፍ ሆንን። በጥቅምት ወር አንድ ቀን ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሲወጡ የጆንያ ገመድ እግራቸውን ጠልፎ ጣላቸው። ወጌሻው አቶ ዘውዱ የእናታችንን እጅ አሽተው ካሰሩ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «አጥንቱ ደህና ነው። ግን ልጄ፣ እኔ እጅ እንጂ ቤት አላክምም። ነገ ደግሞ ዳሌያቸው ይሆናል» አሉኝ።

ከጅዳ የተመለሰችው ጎረቤቴ ሙሉሐብት በሰው ቤት ስትሠራ የለመደችውን መከረችኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታንሺ፣ በየቅዳሜው አንድ ጥግ ይበቃል፤ መተላለፊያ ላይ ምንም አታኑሪ፤ አንድ ዕቃ ከገባ አንድ ይውጣ አለችኝ። ምክሯ መልካም ነበር። እኔ ሞኟ ግን የዕቃውን ባለቤት፣ እናታችንን፣ መጠየቅ ረሳሁ። እናታችን ቅዳሴ ሳሉ አንዱን ጆንያ ለልዋጭ ነጋዴ ሰጥቼ ሳፋ ተቀበልሁ። ሲመለሱ ጥጉን አይተው ደነገጡ፤ ለካ የአባባ ካፖርት ውስጡ ነበር! እየሮጥሁ መናኸሪያ ደረስሁ፤ ነጋዴው ወደ ገሳይ ሊሳፈር ሲል ሳፋውን መልሼ ካፖርቱን አስመለስሁ።

እናታችን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እየዳሰሱት፣ «ኤሌኒ፣ አሮጌውን ሁሉ በተራ እያወጣሽ ነው። የእኔ ተራ መቼ ነው?» አሉኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ይቅርም አሉኝ። በሳምንቱ ራሳቸው ስንጥቁን እንስራ አንስተው «ይህስ ሸክም ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ይመርጣሉ፣ እኔ አወጣለሁ። አሁን እስከ በሩ ድረስ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ።

ነገር ግን ካፖርቱንና ነጠላቸውን ጠቅልለው ራስጌያቸው አኑረዋል። ለምን ስላቸው «ለመንገድ» ይላሉ። የጉናው ቤት ጣሪያው ወድቋል፣ ብርዱን አንተም ታውቀዋለህ። አስተምሬ ስመለስ ሄደው እንዳላጣቸው በሩን የምከፍተው እየፈራሁ ነው። እኔ ብናገር ማባበል ይመስላቸዋል። አንተ በኩራቸው ነህና ሸክም እንዳልሆኑብን ቶሎ ጻፍላቸው። ደብዳቤውን በሙሉሐብት ስም ላከው፤ እሷ ታንብብላቸው። እኔ ካነበብሁት ከራሴ ፈጥሬ የምለው ይመስላቸዋል።

የምስራችን በብዙ ናፍቆት ሰላም በልልኝ፤ ታሪኩን ጉንጩን ሳምልኝ። ሙሉሐብትም ሰላም ብላሃለች። እናታችን ስጽፍ አይተውኝ፣ «በርታ በይው፤ ስለ እኔ ግን እንዳታስጨንቂው» ብለዋል።

እህትህ ኤሌኒ
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፺፬ ዓ.ም.