በአንድ አንገት ሁለት ማተብ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6፣ ጥር 13 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ማዶ ሰንዓ ላለሽው ልጄ ለፅዮናዊት፤ የባሕሩ ስፋት ናፍቆቴን ሳያሳንሰው እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ የሾፌሮቹን ጎማ እየጠገንኩ ደህና ነኝ።

የምሥራች አለኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ርቄው የነበረውን ቅዱስ ቁርባን በጥምቀት ዕለት ተቀበልኩ። ስትሄጂ፣ "አሠሪዎቼ አይወዱትም" ብለሽ ፈትተሽ የሰጠሽኝን ማተብ ከራሴው ጋር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ሾፌሩ ጌቾ አይቶ፣ "ጋሼ፣ አንዱ ስኮርታ፣ መጠባበቂያ ነው እንዴ?" ብሎ ጎሚስታ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

አባ ተክለወልድን ግን የማተብሽን መፈታት ነገር አንስቼ ጠየቅኳቸው። "ክርስቶስን የለበሰችው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክር የፈታ እጅ እሱን አይፈታውም። እሷ በእሱ አለች፣ እሱም በእሷ" አሉኝ። ልጄ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስቆርብ እናትሽም አንቺም ከጎኔ የቆማችሁ መሰለኝ፤ ለካስ በእሱ ሆነን ተለያይተን አናውቅም። ይህን ከልጅነቴ እየሰማሁ አድጌ፣ አሁን ደግሞ ለምን ልጠይቅ እንደሄድኩ እንጃ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለምትንከባከቢው ሕፃን ብዙ ጽፈሽልኛል፤ አስቆኛል። ሁልጊዜ ከታች የምትጽፊውን የክርስትና ስምሽን ግን አላገኘሁትም፤ ጀርባውንም ገልብጬ አየሁት። ወረቀቱ አልቆብሽ ይሆናል።

በእሱ ሰላም ቆዪኝ። ሁለት ባዶ ወረቀት አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ከታች ቦታ እንዳይጠብሽ።

አባትሽ ደምመላሽ፣
በክርስትና ስሜ ወልደ ሚካኤል