የአቢጊያ ፊት ቀላ ቢሉኝ

ለምወድዎና ለምሳሳልዎ እናቴ ለወይዘሮ ሸዋረገጥ፤ እንደምን ከረሙልኝ? ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ቤተ ክርስቲያን ያደርስዎታል? እህቴ አቢጊያ ደህና ናት? ሕፃኑስ በደንብ ይጠባል? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ እህል ውሃ አልወርድልኝ ብሏል። የእናንተ ስልክ አልሠራ ካለ ሁለተኛ ሳምንቱ ስለሆነ ይህን ወረቀት ለሹፌር ሰጥቻለሁ። ያገኙት ሰው ያንብብልዎ፣ ብቻ እንደደረሰ ይነበብ።

እማዬ፣ ለአቢጊያ ማድያቷን ያጠፋላታል ብዬ ከሱቄ የላክሁላትን ክሬም አሁኑኑ ይንጠቋት። ሜርኩሪ የሚባል መርዝ አለበት።

ማክሰኞ የቁጥጥር ሰዎች ገበያችን ገብተው ቅባት ሲፈትሹ ያንኑ ክሬም ከመደርደሪያዬ አነሱት። ሩፈይዳ የምትባል ፋርማሲስት አብራቸው ነበረች። ዕቃውን ገልብጣ፣ ከምን እንደተሠራ አልተጻፈበትም፣ የአስመጪም ስም የለው፣ ይህን ሳታዪ ነው የምትሸጪው አለችኝ። እኔ ዐሥር ዓመት ስሸጥ የማየው ሽታውንና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ነበር። ይኸው ዓይነት ተመርምሮ መርዙ ተገኝቶበታል፣ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፣ ወደ ጡት ወተትም ያልፋል አለችኝ። ጎረቤቴ ኢፍቱ ማል ጎና፣ ማል ጎና ትላለች፤ ምን እናድርግ ማለቷ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ቡና ነጋዴው አብተው ባለፈው ወር ከእናንተ ዘንድ ሲመለስ፣ «አቢጊያ ፊቴ ቀላ በልልኝ ብላለች» አለኝ። እኔ ከንቱ፣ ቀይ ሆነች፣ አማረባት ማለት መስሎኝ እልል አልሁ። እንግዲያ ጠዋትም ማታም ትቀባ ብዬ ሁለት ብልቃጥ ጨመርሁላት። ትናንት አብተውን ይዤ ብጠይቀው፣ መልእክቱን ስትነግረኝ ፊቷን ታክ ነበር አለኝ። ለካ ልጅቷ ተቃጠልሁ ማለቷ ነው! እሱንስ ምን እላለሁ? ሰው ቀላ ሲባል ደስ የሚለን እኛው ነን።

ሱቄ ታሽጓል፤ ይታሸግ። ቀድሞ ቢያሽጉት ኖሮ እላለሁ። መንገድ ላይ ደንበኞቼን ሳይ ፊት ፊታቸውን እያየሁ አንገቴን እደፋለሁ።

እባክዎ፣ ክሬሙን ምድጃ ውስጥ እንዳይጥሉት፤ ጭሱም ይጎዳል ብለውኛል። በላስቲክ ጠቅልለው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ እሷንና ሕፃኑንም ይዘው ይሂዱ። ጡት ትስጠው አትስጠው እዚያ ይንገሯት። ለስንት ጊዜ እንደተቀባች እንዳትደብቅ። ካፈረች እህቴ ናት የላከችልኝ ትበል።

ወንድሜን አብሳሎምን፣ ባለቤቱን ጽዮናዊትን፣ ልጆቻቸውንም በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። አቢጊያን በምን አፌ ሰላም ልበላት? ተናኘ እግርሽ ላይ ወድቃለች ይበሉልኝ። ሕፃኑን ሳሙልኝ ብዬ ልዘጋ ነበር። አይሆንም እማዬ፤ እናቱ ፊቷንና እጇን በሳሙና እስክትታጠብ ድረስ እሷም ብትሆን አትሳመው።

ልጅዎ ተናኘ
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.