ያልተከፈተ ደብዳቤ ለማያሳድሩት ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር አቶ ሽፈራው
የቆላው መስኖ አምራቾች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ
ሸዋ ሮቢት

ክቡር ሆይ፣

ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሰው እንኳ ላብ በሚያጠምቀው በዚህ ወቅት እርስዎም፣ መላ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ማራገቢያም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ ባገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ላይ ስላለሁ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላም እዚያው እንደምቆይ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ ላስረዳ። ዩኒየናችን ከአምራቾች የሚመጡትን ኢሜይሎች የሚከታተል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ረዳት አስገብቷል። ረዳቱ የገቢ ሳጥኑን የሚያይበት አንድ መሣሪያ አለው፤ የመሣሪያው ሥራ ኢሜይሎችን ከነላኪያቸው፣ ከነርዕሳቸውና ከነቀናቸው መዘርዘር ነው። ረዳቱ ታዲያ ይህን መሣሪያ እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚያውቀው ከተጻፈለት መመሪያ ብቻ ነው። መመሪያውን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ አርመው ያጸደቁት እርስዎ ነዎት። ምስጋናዬም ከዚሁ ይጀምራል።

1. አንድ ገጽ የማይሞላውን ረቂቄን የዩኒየኑን ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች ከፊቱ በማስገባት ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። ረዳቱ የተጻፈለትን ሁሉ ያምናል፤ ስለዚህ «ዛሬ ማን ጻፈልን?» ሲባል በቅድሚያ በቆላው ምድር ተመራጭ ዩኒየን ሆኖ የመታየት ራዕያችንን ያሰማል፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል። የሒሳብ ክፍሏ ራሕማ «ይሄስ ስብሰባ ለምዷል» ብላ እስክታነባ ስቃለች።

2. «መሣሪያው በአንድ ጊዜ ሃያ ኢሜይል ይዘረዝራል፤ የቀረውን ለማየት ቀጣዩን ገጽ ይጠይቁ» ብዬ የጻፍኩትን «እንደ አስፈላጊነቱ ይዘረዝራል» በሚል አስፍተውልኛል። ለእኔና ለእርስዎ ይህ ቃል ብዙ ነገር ይሸፍንልናል፤ ማሽን ግን የሚሸፍነው ነገር የለውም። ስንት ኢሜይል እንዳለ ስጠይቀው «እንደ አስፈላጊነቱ» ብሎ መለሰልኝ። ከእኔ ቀድሞ ቋሚ ሠራተኛ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

3. ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። መሣሪያው ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚዘረዝረው ያልተከፈቱትን ኢሜይሎች ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ በመዝገብ ቤት ባገለገሉባቸው ዓመታት ያልተከፈተ ፖስታ ማሳደር ነውር መሆኑን ስለለመዱ፣ ጠዋት ጠዋት ገና ወንበርዎ ሳይሞቅ የመጣውን ኢሜይል ሁሉ በስልክዎ አንድ በአንድ ከፍተው ይዘጋሉ። ያነቡታል አላልኩም፤ ይከፍቱታል። ረዳቱ ሥራ ሲጀምር ያልተከፈተ አያገኝም፤ በጣፈጠ አማርኛም «አዲስ ደብዳቤ የለም» ይላል።

ይህን አስቀድሜ ስላወቅኩ በመመሪያው ላይ «መሣሪያው የተከፈቱትን አያሳይም፤ ተከፍተው መልስ ያላገኙትንም ለማየት ሁሉንም ዘርዝር ብለው ይዘዙት» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቼ ነበር። እርስዎም «በእኛ ቢሮ ተከፍቶ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ አለ ያሰኛል» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። በተከታዩ ስብሰባ ላይ መልስ የሚጠብቅ አንድም ጥያቄ እንደሌለ ሪፖርት አቀረቡ፤ ረዳቱ ምስክር ሆነ፤ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ መቼም መመሪያው የእኔ ነው።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ሙሀሲን የተባሉ የካራቆሬ ሽንኩርት አምራች የዩኒየኑ የጭነት መኪና ምርታቸውን እንዲያነሳላቸው በልጃቸው በናጅዋ ስልክ ደጋግመው ኢሜይል ልከው ነበር። መኪናው የሚንቀሳቀሰው ረዳቱ በሚያወጣው ዝርዝር ብቻ እንዲሆን እርስዎ ስላዘዙ፣ ዝርዝሩም ባዶ ስለሆነ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆመ። ሾፌሩ አንዋር ሥራ ከምፈታ ብሎ ጎማውን ሳይቀር በሳሙና አጠበው። ሽንኩርቱ ግን በዚህ ሙቀት ዳስ ሥር እንደተከመረ ግማሹ በሰበሰ።

ጋሼ ሙሀሲን በሚኒባስ ተሳፍረው መጡ። ረዳቱም መጀመሪያ ራዕያችንን አሰምቷቸው፣ ቀጥሎ ከእርሳቸው የመጣ አዲስ ደብዳቤ እንደሌለ ነገራቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። «ልጄ ኢልሀም» አሉኝ፣ «ይሄ ዕቃ ከራሱ አይዋሽም ብለሽኝ ነበር፤ ታዲያ ማን አስተማረው?» እኔም የእርስዎን ክብር ለመጠበቅ ስል ማራገቢያውን አንጋጥጬ አየሁ።

4. አራተኛ ምስጋና የለኝም፤ ያለኝ ልመና ነው። የጋሼ ሙሀሲን የሁለተኛው ማሳ ሽንኩርት ቅጠሉ መተኛት ጀምሯል፤ ሊነቀል ደርሷል ማለት ነው። ናጅዋ ዳግመኛ ኢሜይል ልካለች፤ እርስዎም ከፍተውታል፤ ረዳቱም የለም ብሏል። ራዕዩ ባለበት ይቆይ፣ «እንደ አስፈላጊነቱ»ም ይቆይ፤ ያቺን የተሰረዘች ዓረፍተ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። በተመለሰች ዕለት ረዳቱ የናጅዋን ኢሜይል ያየዋል፤ አንዋርም ያንን የታጠበ መኪና አስነስቶ ካራቆሬ ይደርሳል፤ ይህኛው ሽንኩርት ኢንሻአላህ ሳይበሰብስ ገበያ ይገባል። ይህን ዕቃ እውነቱን ከነገርነው እኮ ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለ አምራች ከማሳው ሳይነሣ ጉዳዩን ይጨርሳል! ይህን ሳስብ ቁጭ ማለት ያቅተኛል፤ ለዚህም ነው ቢሮዎን ደጋግሜ የማንኳኳው።

የተከፈተውንም ያልተከፈተውንም እኩል በሚያይ ትሕትና፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለቀዩ እስክሪብቶዎ ግን ፈጥኖ ማለቅን እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ
ኢልሀም ሷሊሕ
የመመሪያ ጸሐፊ (በሙከራ ላይ ያለች)

ግልባጭ፦
ለባጃጅ ተራው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንኑ ደብዳቤ ለወጉ ያህል አስቀድሜ በኢሜይል ልኬልዎት ነበር። ዛሬ ረፋዱ ላይ ረዳቱን ደርሶ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ራዕያችንን ካሰማኝ በኋላ «አዲስ ደብዳቤ የለም» አለኝ። ስለከፈቱት ከልብ አመሰግናለሁ፤ እዚህ የለጠፍኩት እንዲያነቡት ነው።