ለመስቀል የሚያልቀው ክኒንህ

ይድረስ ለምወድህና ዛሬ ለምቆጣህ ወንድሜ ለሰይፈ ሥላሴ ከፋለ፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሃል? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍህስ? የምትበላውስ? ጠዋት ስትነሳ ምላስህ ተነክሶ፣ ትራስህ ደም ነክቶት አግኝተህ ታውቃለህ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ አንድ በአንድ መልስ እፈልጋለሁ። የእኛን ከጠየቅክ ዝናቡ ደግ ነበር፣ ገብሱም አምሯል፣ ላሚቱም ወልዳለች። ከአንዲት በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ ሀፊዛ ናት፤ ብልባላ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠዋ። ልጇ እናንተ አገር ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ነገ ትነሳለች። በጠዋት፣ እህል ቀምሰህ፣ ተቀምጠህ ካልሆነ እንዳትሰጥህ ነግሬያታለሁ። አንብበህ እስክትጨርስም ከአጠገብህ አትነሳም፤ ሂጂልኝ ብትላት አትልፋ፣ እሷን ከተቀመጠችበት ያስነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም። በመጀመሪያ ትናንት ማታ ክኒንህን መዋጥ አለመዋጥህን ትጠይቅሃለች። አልዋጥኩም ካልክ ወረቀቱን እጠፈውና ከእሷ ጋር ሐኪም ቤት ሂድ። ዋጥኩ ካልክ ቀጥል።

ሰይፉ፣ እህታችን ውባንቺ ሞታለች። ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ሞተች፣ በማግስቱ ቀበርናት። አገር ምድሩ አልቅሶላት ተመልሷል፤ ያልሰማህ አንተ ብቻ ነህ።

መርዶ እንዲህ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዘህ ነበር መስማት የሚገባህ። አባታችን ግን አንተም እንደ እሷ የሚጥል በሽታ ያለብህ ልጅ ስለሆንክ ድንጋጤው ይጥለዋል ብሎ ፈራ፤ ለገና ሲመጣ ቀስ ብለን እናረዳዋለን አለ። በስልክ እንዳልነግርህም መስቀል አስመትቶ አስማለኝ። በወረቀት ስለመጻፍ ግን ያሰበ የለም። ኃጢአትም ከሆነ በእኔ ይሁን፤ ከተሸከምኩት ጋር ሲተያይ ይሄ ቀላል ነው።

እስከ ገና መቆየት ያልቻልኩበትን ምክንያት አንተው ታውቀዋለህ። በዕንቁጣጣሽ ደውለህ ለእናታችን ያልካትን ቆሜ ሰምቻለሁ። ውባንቺ ክኒኗን ትታ በጠበሉ ብቻ ከዳነች እኔስ ምን አነሰኝ፣ የያዝኩት ለመስቀል ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ አልቀበልም አልካት። እናታችንም እምባዋን ዋጥ አድርጋ፣ እሰይ ልጄ፣ ውባንቺም ሰላም ብላሃለች አለችህ። ስልኩን ልነጥቃት እጄን ስዘረጋ አባታችን ያዘው። በማግስቱ እኔው ደውዬ ክኒንህን እንዳታቋርጥ ብልህ እምነት የለሽ ብለህ ዘጋህብኝ። እነሆ ወረቀት፤ ይሄን አትዘጋውም።

አሁን እንዴት እንደሞተች ስማ። አላሳጥርልህም።

ክኒን ከጀመረች ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳትወድቅ እንደኖረች ታውቃለህ። በሰኔ የገነተ ማርያሙ አዳም ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። እኔም ማታ ማታ ክኒን የምትውጥ ሙሽራ ማን ይፈልጋል ብዬ ከመግባቷ በፊት ንጹሕ ላደርጋት ተነሳሁ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ የማንም አይደለም። ለፍልሰታ ሱባኤ ከአባታችን ጋር ጠበል ይዣት ወረድኩ። እዚያ ማሚቱ የምትባል እኛው ዘንድ ያረፈች ሕመምተኛ ጠበልና ክኒን ባንድ ሆድ አይስማሙም ስትል ሰማሁ። ሰማሁ ልበል እንጂ ሰምቼስ አልነበረም፤ ልሰማው የፈለግሁትን ነገር አገኘሁ። ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ክኒኑን በመቀነቴ ቋጥሬ ከለከልኳት።

በሦስተኛው ቀን፣ እታለም፣ ክኒኔስ? አለችኝ። እምነት ያጣሽ፣ ጠበሉን ልታረክሺው ነው ወይ ብዬ ተቆጣኋት። ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ ናት የጠየቀችኝ፣ ልብ አድርግ።

በሰባተኛው ቀን አንዴም ሳትወድቅ ስትቀር እልል አልን። ለአንተም ደወልን፤ እሷም በስልክ ስትስቅ ሰማሃት። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ምሥራቅ ኋላ እንደነገረችኝ ያ ክኒን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ሰባቱን ቀን ያቆማት ደሟ ውስጥ የቀረው ክኒን ነበር። እኛ ያ እያለቀ መሆኑን ሳናውቅ ተአምር ነው ብለን አወራን፤ አንተም ድሬ ሆነህ አመንከን።

በዘጠነኛው ቀን ከጠበሉ ስትወጣ ወደቀች። ሳትነቃ ደገማት። ሳትነቃ ሠለሳት። ያን ጊዜ መቀነቴን ፈታሁ። ዘጠኝ ቀን አለፈን ብዬ ዘጠኝ ክኒን ቆጠርኩ፤ የጎደለውን ሁሉ ባንዴ ልሞላላት። አባታችን በማንኪያ ጥርሷን ፈለቀቀልኝ፣ እኔ ዘጠኙንም አፏ ውስጥ ጨመርኩ፣ በላዩ ውኃ አፈሰስኩ። ትን አላት። ፊቷ ጠቆረ። በቃሬዛ ይዘናት ወደ ጤና ጣቢያ ስንሮጥ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን፤ እስኪጎድል ቆመን ሳለ ትንፋሿ ቆመ። ሲገንዟት ከጉንጯ ሁለት ክኒን ወጣ፤ ገና አልሟሟም ነበር። መዳፌን ዘርግቼ ተቀበልኳቸው።

ሲስተር ምሥራቅ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ክኒኑን በሰጠችን ቀን የነገረችኝን አንድ በአንድ አስታወሰችኝ። ባንዴ አይቋረጥም፣ መተው ካማራችሁ መጥታችሁ ንገሩኝ፣ የሚቀነስ ከሆነም በእኔ ምክር በወራት ነው ብላኝ ነበር። የተረሳ ቢኖር እንዳስታወሳችሁ ይዋጥ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈው ይለፍ፣ ደርባችሁ እንዳትሰጧት ብላኝ ነበር። ስትወድቅ በጎኗ አስተኟት፣ አትጫኗት፣ ክኒንም ውኃም ማንኪያም አፏ ውስጥ አይግባ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ይዛችኋት ሩጡ ብላኝ ነበር። ሁሉንም እሺ ብያት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፤ ውሻዋም እኔ ነኝ።

የንስሐ አባታችን መምሬ ወንድምአገኝ ደግሞ ከቀብር መልስ አባታችንን ለብቻው ጠርተው፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አይሽርም፣ ክኒኑንም በዚያው ጠበል ትዋጠው ባልኳችሁ ነበር፣ ማን ጠየቀኝ? አሉት። ማንም አልጠየቃቸውም። ደጃቸው ከደጃችን ሃምሳ እርምጃ ነው። አዳምም ለቀብሯ መጥቶ ነበር። ክኒን እንደምትውጥ ካወቀ ዓመት አልፎት ኖሯል፤ እንዲያውም ሰዓቱን እኔ አስታውሳታለሁ እያለ ለእናቱ ይነግራት ነበር አሉ።

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ። ጀግና ሆነህ ፎቅ ላይ ተንጠልጥለህ ቀለም ትቀባለህ፤ አሠሪህ አያውቅ፣ አብረውህ የሚሠሩት አያውቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ትስቅ ነበር። አንተ ስትወድቅ እንደ ውባንቺ ሣር ላይ አይደለም። ሀፊዛ ሐኪም ቤት ትወስድሃለች፤ ክኒንህ ከማለቁ በፊት የሚቀጥለውን ወር ትቀበላለህ፣ ከፍታ ላይ መሥራት ይገባህ እንደሆነም ጠይቀህ ሐኪሙ ያለህን ታደርጋለህ። አብሮህ ለሚያድረው ሰው ስትወድቅ ምን ማድረግ እንዳለበትና ምን እንደሌለበት ትነግረዋለህ፤ ብታፍር እፈር፣ እፍረት አይገድልም። አረቄዋንም ተው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምትቀማምስ ደርሶኛል፣ ከዚያ ክኒን ጋር መርዝ ናት። ጠበል መጠመቅ ካማረህ ተጠመቅ፣ ማታ ግን ዋጥ። ይህን መርዶ ሰምተህ ሐዘኑ ከብዶህ እንቅልፍ ብታጣ እንኳ ክኒኑን አትዝለል፤ ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የሚያስፈልግህ።

እምቢ ካልክም እወቀው። ወድቀህ ብትሞት አላለቅስልህም፣ ፊቴን አልነጭልህም፣ አስከሬንህንም ልቀበል አልወጣም። የአንድ ሰው እንባ ነበረኝ፣ እሷ ላይ ጨርሼዋለሁ። ለእኔ ባታዝን ለእናታችን እዘን። የምሽት ራት ስታቀርብ እስከዛሬ የውባንቺን ድርሻ በሣህን ታወጣለች፣ ኋላ ትመልሰዋለች፤ ሁለት ሣህን ማውጣት እንድትጀምር አታድርጋት።

እናታችን ሙሉዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ይህን እንደጻፍኩ ግን አታውቅም። አባታችን ሰላም ይልሃል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በማንኪያ አይበላም። መምሬ ወንድምአገኝ በጸሎት ያስቡሃል። ሲስተር ምሥራቅ የሐኪም ቤት ካርድህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ ብላለች፤ አባታችን ስልክ ላይ ላክ፣ እሱም ያንጊዜ መስማትህን ያውቃል፣ እኔን ይቆጣ። እኔም እህትህ ሰላም ብዬሃለሁ።

ውባንቺ ሰላም አላለችህም። በዕንቁጣጣሽም አላለችህም ነበር።

እህትህ ባንቺዓለም ከፋለ
ብልባላ፣ ላስታ
መስከረም 7 ቀን 2018 ዓ.ም.