መንገድ ላይ የተበላ ራት

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14።
የዛሬ ሽያጭ፦ ዳቦው ሁሉ ተሸጧል። ከጎደሬው ግማሹ ቀርቷል። ላምባ አልቋል።

ውድ ታሊታ፣

የቀኑን ሽያጭ ከጻፍኩ በኋላ ለአንቺ መጻፍ ልማድ ሆኖብኛል። ከሞትሽ ወዲህ ሱቁ ምንም አልጎደለበትም፤ የጎደለው ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ራቴን ይዤ ከዓምዶቹ መካከል እቀመጣለሁ። ግድግዳ በሌለው ቤታችን ብቻውን የሚበላን ሰው መንደሩ ሁሉ ያየዋል። የሚያልፈውን ሁሉ «ና እንብላ» እላለሁ። ድሮ «በልተናል፣ ይባርክልህ» የሚለው መልስ ከየአቅጣጫው ሲመላለስ ያመሽ ነበር። ዛሬ ወጣቶቹ ጆሯቸውን በሙዚቃ ደፍነው ያልፋሉ። አዳዲሶቹ ቤቶችም መስታወት አላቸው፤ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ሰው የሚጠራ የለም።

አልተቀየምኩም። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ያልፈለገውን ዕቃ በግድ አልሸጥም። ግን አንድ የሚመልስልኝ ነበረኝ፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሽማግሌው ላውቪ። የመንደሩ ንግግር አዋቂ አይደሉ፣ እንቢታቸው ራሱ ስንኝ አለው። «የድስትህ ሽታ አጥግቦኛል፣ ፓናፓ» ይሉኛል። እኔም በደጃቸው ሳልፍ ይጠሩኛል፤ በልቻለሁ ብዬ አመሰግናለሁ። የተጠራ ሰው አመስግኖ እንደሚያልፍ፣ እንደማይገባ፣ እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ሰኞ ማታ ገባሁ።

ያን ቀን ከደንበኛ በቀር ያናገረኝ ሰው አልነበረም። ላውቪ «ግባና እንብላ» ሲሉኝ እግሬ ቀደመኝ። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ ድስቱን አዩ። ከዚያ ድስቱን ከፈቱት፤ ውስጡ አንድ የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ ብቻ ነበር። ትልቁን ግማሽ ለእኔ ሰጥተው ስለ ዝናብ መዘግየት ያወሩኝ ጀመር። ብተወው ማጣታቸውን እንዳየሁ መናገር ይሆንብኛል። በላሁት።

ማክሰኞ የላውቪ የኮኮናት ቅጠል መጋረጃ በመንገዱ በኩል ወርዶ አየሁት። ረቡዕም አልተነሣም። ዝናብ የለ፣ ነፋስ የለ። ካላዩኝ አይጠሩኝም፤ ካልጠሩኝ ድስታቸውን አይከፍቱም። ሩዝና የቆርቆሮ ዓሣ ልልክላቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ለእሳቸው ስድብ ነው። መጋረጃው በዚያው ከቀረ ግን በዚህ መንገድ ላይ ስሜን የሚጠራ አይኖርም፤ እሳቸውም ከጀርባው ሆነው ይራባሉ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የዓሣ ሾርባዬን ከነድስቱ ይዤ ወጣሁና ደጃቸው ላይ፣ መንገዱ ዳር ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ። ብትኖሪ በኃፍረት ፊትሽን ትሸፍኚ ነበር። መንገድ ላይ መብላት እዚህ ነውር ነው፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች አሳማ ያስከፍሉበታል።

ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ማነው መንገድ ላይ እንደ ውሻ የሚበላው?»

«ፓናፓ ነኝ፣ አባቴ።»

«ሚስትህን ስትቀብር ሥርዓትህንም አብረህ ቀበርከው?»

«ምን ላድርግ፣ ግባ የሚለኝ ጠፋ።»

አንድ መኪና አለፈና አቧራው ሾርባዬ ላይ አረፈ።

«የሰኞ ዕለቱ...» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መስተንግዶ አልነበረም።»

«ሰኞ ዕለት ብቻዬን አልበላሁም» አልኳቸው።

ቆይቶ መጋረጃው ቀስ እያለ ተጠቀለለ።

«ግባ። ድስቱንም አስገባው። መንደሩን አታሰድብ።»

ሲጨልፉ ወደ ባሕሩ በኩል ዞሬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ጊዜ ጨለፉ፤ እኔም ስለ ዝናቡ ማውራቴን ቀጠልኩ።

አንቺና እኔ የምንበላው ዓይነት ራት አልነበረም፤ እንዲያ እንዲሆን አልጠበቅሁም። መንገዱን ተሻግሬ ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የማነጋግረው ሰው አግኝቼ እንኳ የምፈልገው አንቺን ማነጋገር ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ለዚያ ነው። ባለሽበት ሰላም እደሪ።

ያንቺው ፓናፓ

ለነገ፦ ጀልባዎቹ ሲገቡ ወደብ መውረድ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ዓሣ መግዛት።